አህያዋ በእርግጥ ውሃውን ስታደፈርስ

(በአንድ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሊቀመንበሩ “ከሃያ አምስት ደቂቃ እንዳታልፍ፣ ከአንተ በኋላ የጥበቃ ደመወዝ ጉዳይ አለብን” ብሎኛል። የጥበቃ ደመወዝ የሚነሳበት ስብሰባ እንዴት እንደሚረዝም ስለማውቅ ሰዓቴን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።

ልጆች ሳለን የሰማነው ተረት አለ። ጅብና አህያ ወንዝ ወርደው ውሃ ይጠጣሉ፤ ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች። ጅብ ቀና ይልና “ውሃውን አደፈረስሽብኝ” ይላታል። አህያዋ ውሃው ከእሱ ወደ እሷ እንደሚወርድ ታውቃለች፤ ክርክር እንደማያድናትም ታውቃለች። “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” አለችው።

እኔ ዛሬ የመጣሁት ለጅብ ጥብቅና ልቆም ነው። ወንዝ ላይ ከሆነ ጅብ ዋሽቷል፤ ግልጽ ነው። ነገሩ የሆነው ቧንቧ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ግን አህያዋ ከታች ሆና የላይኛውን ውሃ አሳምራ ልታደፈርስበት ትችል ነበር። ወንዝ የሚሄደው በቁልቁለት ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ ሌሊት ተነስቶ አይገለበጥም። ቧንቧ የሚሄደው በግፊት ነው። ውሃ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው ከወዲያ ያለው ግፊት ከወዲህ ካለው ስለበለጠ ብቻ ነው። ሚዛኑ ለአምስት ደቂቃ ከተገለበጠ በመጣበት መንገድ ይመለሳል፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም። ይህንን የኋልዮሽ ፍሰት እንበለው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ስልክ ተደወለልኝ። ሰፈሩን አልነግራችሁም፣ ከዚህ ሩቅ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አንድ እናት ጠዋት ቡና ሊያፈሉ ጀበና ይጥዳሉ። ጀበናው አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ቡና ሲገነፍል የሚያወጣውን ዓይነት አይምሰላችሁ። ይሄ ነጭ ነው፣ እፍ ሲሉት የሚበን፣ ሽታው የኦሞ። መጀመሪያ የተጠረጠረችው የቤት ሠራተኛዋ ናት። “ጀበናውን በሳሙና አጥበሽው ነው” ተባለች። ልጅቷ “ጀበና በሳሙና ይታጠባል እንዴ?” ብላ አለቀሰች፤ እውነቷን ነው። ቀጥሎ ጎረቤት ሲጠየቅ ለካ ሦስተኛ ፎቅም ሻያቸው ተበላሽቷል። ከዚያ ክሱ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ፣ አራተኛ ፎቅ “እኛ አይደለንም” ሲል ደግሞ እስከ ግድቡ ድረስ ሄደ። አንድም ሰው ጣቱን ወደ ታች አልቀሰረም።

እኔ የጀመርኩት ከታች ነው። ምድር ቤት፣ ከበሩ ጎን፣ አንድ ሰማያዊ በርሜል ነበር። ከቧንቧው የተገጠመ አረንጓዴ ጎማ ወደ በርሜሉ ገብቶ ጫፉ ታች ድረስ ሰጥሟል። ቧንቧው ክፍት ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣና ሌሊት ቢመጣ ማንም ስለማይነቃ ከፍተውት ይተኛሉ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህንን አድርጎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ማንም የለም። በርሜሉ ውስጥ ብርድ ልብስ ተዘፍዝፎበት ነበር። በርሜሉን ጎንበስ ብዬ ሳየው የአረፋው ክብ ምልክት ጎኑ ላይ ደርቆ ይታያል፣ ውሃው ግን ከምልክቱ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሏል። “ከዚህ የቀዳ ሰው አለ?” ብዬ ጠየቅሁ። ብርድ ልብስ ከተዘፈዘፈበት ማን ይቀዳል? ማንም አልቀዳም። የጠጣው ቧንቧው ራሱ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። የሰፈሩ ፈረቃ አልቆ ውሃው ሲዘጋ በመንገዱ ሥር ያለው መስመር ባዶ ሆኖ ቁጭ አላለም። ውስጡ የነበረው ውሃ ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር መውረዱን ቀጠለ፤ እዚያ ያሉት እየቀዱ ነው። ውሃው ሲወርድ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ያ ባዶ ቦታ ደግሞ የሚሞላው ይፈልጋል። ያገኘው የምድር ቤቱን ጎማ ነው። እንደ ስትሮ ጠባው። ሌሊት ግፊቱ ሲመለስ መስመሩ ውስጥ አድፍጦ የቆየው የኦሞ ውሃ ተገፍቶ መጥቶ ጠዋት መጀመሪያ ቧንቧ የከፈተ ቤት ገባ። ቡና የሚወዱ ሰዎች በጠዋት ይነሳሉ።

ይህንን ለማመን እኔን ማመን አያስፈልጋችሁም። ውሃ በሄደበት ቅጽበት ቧንቧችሁን ከፍታችሁ መዳፋችሁን አፉ ላይ ግጠሙት። አንዳንዴ “ሽው” የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ መዳፋችሁንም ሳብ ያደርገዋል። ቧንቧው አየር ወደ ውስጥ እየሳበ ነው ማለት ነው። መልሶ ሲመጣ ቆጣሪውን የሚያሽከረክረውና እየተንፈቀፈቀ የሚወጣው ያው አየር ነው። እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በአየር ሒሳብ ስለመክፈል የሚነሳውን ቅሬታ ለሌላ ቀን እንተወው።

ምን ያህል ሊስብ ይችላል? ውሃን ወደ ባዶ ቧንቧ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ብንሆን ፍጹም ባዶ የሆነ ቧንቧ ውሃን ወደ 10 ሜትር ያህል ያነሳዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ እዚህ ከ7 ሜትር ተኩል እምብዛም አያልፍም። ከፍታችን በዚህ ረገድ ትንሽ ይጠቅመናል ማለት ነው። ግን 7 ሜትር ተኩል ስንት ፎቅ ነው? ከሁለት ፎቅ በላይ። በርሜልን ለመጥባት ደግሞ ግማሽ ሜትር ይበቃል።

አሁን ይቺን ተመልከቱልኝ። ይሄ በቀይ ሥር ያቀላሁት ውሃ ነው፣ በርሜሉ እንበለው። ይሄ ደግሞ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ጎማ ነው። አንዱን ጫፍ ከቀዩ ውሃ ውስጥ አሰጠምሁ። ሌላውን ጫፍ ዝቅ አድርጌ በአፌ ሳብ ሳደርገው… አያችሁ፣ ቀዩ ራሱን ችሎ ወጥቶ፣ የጠርሙሱን ከንፈር ተሻግሮ፣ ወደ ታች ይወርዳል። ማንም አልገፋውም። አሁን ደግሞ የሰጠመውን ጫፍ ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ከፍ አድርጌ ልያዘውና ልሳበው። (ይስባል።) አየር ብቻ ነው። እስከ ነገ ብስብ አየር ብቻ ነው። ቀዩ ውሃ ካለበት አልተነቃነቀም።

ዛሬ ከምነግራችሁ ነገር ሁሉ ትልቁ ይሄ ሁለት ጣት ነው። በዓለም ላይ የውሃ ሕግ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መሣሪያ አላገኙም። ልኩም ተቀምጧል፦ በቧንቧው አፍና ከታች ባለው ዕቃ የመጨረሻ የውሃ ከፍታ መካከል ያለው ክፍት አየር የቧንቧው ስፋት እጥፍ መሆን አለበት፣ ቢያንስ ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር። የእጅ መታጠቢያችሁን ብታዩ የቧንቧው አፍ ሁልጊዜ ከሳህኑ ከንፈር በላይ ነው። ለውበት አይደለም። አየር አይዝግም፣ አይደፈንም፣ መለዋወጫ አይፈልግም፣ ቀረጥ አይከፈልበትም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ኮሚቴያችሁ የጠራኝ ስለ በርሜል እንዳወራ አይደለም። ያስቆፈራችሁት ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ጥሩ ይወጣል፣ እሰየው። አሁን የቀረበው ሐሳብ የጉድጓዱን ፓምፕ ከከተማው መስመር ጋር በአንድ ቲ፣ ሦስት አፍ ባለው መገጣጠሚያ፣ አገናኝቶ መሐሉ ላይ ጌት ቫልቭ፣ በእጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ማገጃ፣ ማስገባት ነው። የከተማው ውሃ ሲመጣ ቫልቩን እንዘጋለን፣ ሲሄድ እንከፍታለን። ርካሽ ነው። አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሥዕሉን አየሁት፣ የሣለው ልጅ እጁ ንጹሕ ነው። ሐሳቡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ፣ ለምን እንደሆነ በአንዲት ከተማ ታሪክ ላስረዳችሁ።

ከተማዋ ኖኪያ ትባላለች። አዎ፣ ስልኩ ስሙን ያገኘው ከእሷ ነው። ፊንላንድ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ፊንላንድ ውሃዋ የታወቀ፣ ሕጓ የጠበቀ፣ መሐንዲሶቿ የተማሩ አገር ናት። እኛ ሚሌኒየማችንን ባከበርን በሁለት ወር ተኩል ገደማ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 28 ቀን 2007፣ በከተማዋ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የጥገና ሥራ እየተሠራ ነበር። ጣቢያው ተጣርቶ የወጣውን ፍሳሽ መልሶ ለራሱ ሥራ፣ ለማጠቢያና ለመሳሰለው ይጠቀምበታል። ይሄ የትም የሚሠራበት ነው። ጥፋቱ ያ የፍሳሽ ውሃ መስመርና የከተማው የመጠጥ ውሃ መስመር በአንድ ቧንቧ መገናኘታቸው ነው። ሁለቱን የለያቸው ምንድን ነው? አንድ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ።

ያን ቀን ቫልቩ ተከፈተ፣ ክፍት እንደሆነም ቀረ። የፍሳሹ መስመር ግፊት ከመጠጥ ውሃው ይበልጥ ስለነበር ወደ 450 ሜትር ኩብ የሚሆን የፍሳሽ ውሃ ወደ ሰዎች ማድ ቤት ሄደ። ይሄን በሮቶ ቁጠሩት፤ ባለ 5 ሺህ ሊትሩ ሮቶ 90 ጊዜ ሞልቶ ማለት ነው። ችግሩ ታውቆ “ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ” የተባለው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ከ8 ሺህ በላይ ሰው እንደታመመ ተገምቷል፤ የከተማዋ ሕዝብ በዚያን ጊዜ 30 ሺህ ገደማ ነበር። ከታማሚዎቹ ብዙ ዓይነት ጀርም ተገኘ፣ ባክቴሪያውም፣ ቫይረሱም፣ ጃርዲያውም። መስመሩን አጥቦና በክሎሪን አክሞ ውሃውን እንደገና ለማመን ሳምንታት ፈጀ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገው ቫልቭ ተሰብሮ አልነበረም፣ ዝጎም አልነበረም። ቫልቭ የሚሠራውን ሠራ፦ ሲከፍቱት ተከፈተ። ጌት ቫልቭ በር ነው። በር ደግሞ የሚጠብቀው ሰው አስታውሶ እስከዘጋው ድረስ ነው። በእናንተ ግቢ ቫልቩን የሚዘጋው ማነው? የጥበቃ ሠራተኛው፣ ደመወዙ ገና በቀጣዩ አጀንዳ የሚነሳው ሰውዬ። ሌሊት ስምንት ሰዓት የከተማው ውሃ ሲመጣ ተነስቶ ይዘጋል ብላችሁ የእናንተን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሕፃናት ሆድ በእሱ ላይ ትጥላላችሁ? ሰውየውን መንቀፌ አይደለም። እኔም ብሆን እንቅልፍ ይወስደኛል።

“የእኛ ጉድጓድ ፍሳሽ አይደለም” የሚል አይጠፋም። እሺ። ግን በአጥሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ሴፕቲክ ታንክ ስንት ሜትር ይርቃል? ባለፈው ክረምት ደለል የገባው መቼ ነው? ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ የሚወጣው ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ተጨምሮበት ነው። የእናንተን ጉድጓድ ማን ያክመዋል? የጉድጓዱ ፓምፕ ደግሞ ገፊ ነው፤ በርሜሉ በመጠባት ነበር የገባው፣ ይሄ በግድ ይገባል። የከተማው ግፊት ሲደክም የጉድጓዳችሁን ውሃ በቆጣሪያችሁ አሳልፎ ወደ ዋናው መንገድ ይልከዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለቱ ውሃዎች ቧንቧ ውስጥ አይገናኙ። ታንከር ውስጥ ይገናኙ፣ ያውም ከላይ። ግቢ ውስጥ ያለውን የመሬት ታንከር ተጠቀሙ። የከተማው መስመር ከታንከሩ ክዳን ሥር መጥቶ ከውሃው የመጨረሻ ከፍታ በላይ በአየር ላይ ያፍስስ፤ የጉድጓዱም እንዲሁ በራሱ ቧንቧ ያፍስስ። ሞልቶ የሚፈስበት ማስተንፈሻ ከሁለቱም አፎች በታች ይውጣ፤ ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ቢበላሽም ውሃው አፋቸው ላይ አይደርስም። ከዚያ ፓምፑ ከታንከሩ ስቦ ወደ ላይ ሮቶዎች ይግፋ። የፈለገው ቢበላሽ፣ የፈለገው ሰው ቢተኛ፣ ውሃ አየር ዘሎ ወደ ከተማው መስመር አይመለስም። የዋጋ ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ቧንቧና የአንድ ቀን ሥራ ነው። በነገራችን ላይ እኔ ለሥራው አልወዳደርም፣ ስለዚህ ዋጋ ልጨምርባችሁ አይደለም።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ እጸጸታለሁ። ብዙ ሠራተኛ ቧንቧውን ታንከር ውስጥ ሲያስገባ “ድምፅ እንዳያሰማ” ብሎ ጫፉን እስከ ታች ያወርደዋል። ባለቤቱም ደስ ይለዋል፤ ሌሊት አይንጫረርም። እንደዚያ ከሆነ የሠራነው ትልቅ በርሜልና ትልቅ ጎማ ነው፤ የዚያ ምድር ቤት ታሪክ በ10 ሺህ ሊትር። ውሃ ሲወርድ ድምፁ ይሰማ። ድምፁን ስትሰሙ ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

ፓምፕን በቀጥታ ከመስመር ጋር አገናኝቶ መሳብ ደግሞ የከፋ ነው። ሁላችሁም ሰፈር ውስጥ ማን እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ፤ የእሱ ፓምፕ ሲነሳ የእናንተ ቧንቧ ይጠወልጋል። የምንቆጣው ውሃችንን ስለወሰደ ነው፤ ትክክል ነው። ከዚህ የሚብሰው ግን በመንገዱ ሥር ያለው ቧንቧ ግፊቱ ከአየር በታች እንዲወርድ ማድረጉ ነው። ያ ቧንቧ ስንት ቦታ ያፈስሳል? ግፊት ሲኖረው በቀዳዳው ውሃ ይወጣል፣ አስፋልቱን ያርሳል፤ ግፊት ሲያጣ በዚያው ቀዳዳ በዙሪያው ያለው ጭቃ ይገባል። ጭቃው ጎን የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ ካለ እሱም አብሮ። ስለዚህ ፓምፑ ከራሱ ታንከር ይሳብ። ከመንገዱ አይሳብ።

ክሎሪኑስ አይገድለውም ወይ ትሉኛላችሁ። በቧንቧ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ክሎሪን በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም፣ ቢበዛ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ነው። ለመንገድ ስንቅ ይሆናል፤ ለጦርነት አይበቃም። ጥቂት ጀርም ቢገባ ይረታዋል፣ አንድ ባልዲ ፍሳሽ ሲገባ ግን ክሎሪኑ ራሱ ያልቃል። ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ኦሞ አያወጣም፣ የተባይ መድኃኒትም አያወጣም። በፈረንጆቹ 2016 ዲሴምበር፣ ቴክሳስ ውስጥ ኮርፐስ ክሪስቲ በምትባል ከተማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል በኋልዮሽ ፍሰት ሳይገባ አልቀረም ተብሎ 300 ሺህ የሚያህል ሕዝብ ለቀናት የቧንቧ ውሃ እንዳይጠቀም ተከልክሏል። አፍልታችሁም እንዳትጠጡ ነው የተባለው።

ስለ ዕቃዎቹ ጥቂት ልበል፣ ሱቅ ስትሄዱ እንዳትታለሉ። ቼክ ቫልቭ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈት ምላስ ያለው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ምላሷ ሥር ከተሸጎጠች ተከፍቶ ይቀራል፣ ከውጭ ስታዩት ደግሞ ምንም አያስታውቅም። በእኛ መስመር አሸዋ ብርቅ አይደለም። ለዚህ ነው ሁለት አድርገው በተከታታይ የሚገጥሙት፣ በየዓመቱም የሚፈትሹት። ከዚህ የሚበልጠው ሁለት ቼክ ቫልቮች ያሉትና በመሐላቸው ወደ ውጭ የሚያፈስስ ሦስተኛ ቫልቭ የተገጠመለት ነው። አሠራሩ ደስ ይለኛል። በመሐል ያለው ክፍል ግፊቱ ሁልጊዜ ከሚመጣው ውሃ ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ልዩነቱ ከጠፋ፣ ማለትም ከኋላ የሆነ ነገር መግፋት ከጀመረ ወይም ከፊት ግፊቱ ከወደቀ፣ ማስወጫው ተከፍቶ የተጠረጠረውን ውሃ ወለሉ ላይ ይደፋዋል። ወደ ከተማው ከሚሄድ መሬት ላይ ይፍሰስ ነው ነገሩ።

አንድ ሕንፃ ላይ ይሄ ዕቃ ተገጥሞ አይቻለሁ። ማሽን ክፍሉ ውስጥ ይንጠባጠባል። የጥገናው ልጅ “ሊክ ያደርጋል” ብሎ የማስወጫውን ቀዳዳ በእንጨት ቡሽ ጠርቅሞ፣ በላዩ ላስቲክ ጠምጥሞ፣ አሳምሮ አስቀምጦታል። እያለቀሰ “አሞኛል” የሚልን ልጅ አፉን እንደመሸበብ ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ የነገረው የለም። ዕቃው ውድ ነው፣ የሚፈትሸው የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፤ ለሆስፒታል፣ ለላቦራቶሪ፣ ለፋብሪካ ይገባል። ለእናንተ ግቢ አያስፈልግም። ታንከራችሁ ከላይ ይሙላ፣ በቂ ነው።

ላቫጆዎቹን ግን ሄዳችሁ አናግሯቸው። ከታች ያለው ባለ ላቫጆ ጎማውን ሳሙናው በርሜል ውስጥ ጥሎት ነው የሚውለው፤ ስመጣ አይቼዋለሁ።

ሰዓቴ አልቋል፣ ጥያቄ ካለ ልቀበል።

(አንድ ወጣት፦ ይሄ ሁሉ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አይደል? ሃያ አራት ሰዓት ቢመጣ ችግሩ አይቀርም?)

ይቀንሳል፣ በጣም ይቀንሳል። አይቀርም ግን። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስ ዉስተር በምትባል ከተማ ሆሊ ክሮስ የሚባል ኮሌጅ አለ። በፈረንጆቹ 1969 የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ ሜዳ ላይ ልምምድ እያደረገ ነው። ውሃው ሃያ አራት ሰዓት የሚመጣ ነው። በአቅራቢያው ቤት ተቃጠለ፣ የእሳት አደጋ መኪኖች ከሃይድራንት፣ መንገድ ዳር ካለው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ፣ በኃይል ሳቡ፣ የሰፈሩ ግፊት ወደቀ። ሜዳውን የሚያጠጡት የውሃ መርጫዎች መሬት ውስጥ በተቀበሩ ጉድጓዶች ነበሩ፤ ጉድጓዶቹ ውሃ አቁረዋል፣ በአካባቢው የወፍ በሽታ የያዛቸው ሕፃናት ይጫወቱባቸው ነበር። ያ ያቆረ ውሃ ተስቦ ወደ ተጫዋቾቹ የመጠጥ ቧንቧ ገባ። ከ97 ሰዎች 90ው በበሽታው ተያዙ፤ ቡድኑ ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የዓመቱን ውድድር አቋረጠ። እዚያ አንድ እሳት አንድ ቀን ያደረገውን እኛ ዘንድ ፈረቃው በየሳምንቱ ያደርገዋል። የእኛ ጥንቃቄ ከእነሱ መብለጥ ያለበት ለዚህ ነው።

(አንዲት ሴት፦ አሜባ የሚመላለስብን በዚህ ይሆን?)

እኅቴ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ አሜባ በእጅም በጎመንም ይመጣል። ግን በቧንቧም መጥቶ ያውቃል። በፈረንጆቹ 1933 የአሜሪካዋ ቺካጎ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበረባት፣ እንግዳው ከየአገሩ ይጎርፋል። ሁለት ሆቴሎች ውስጥ ያረጀው የፍሳሽና የውሃ መስመር ተገናኝቶ ኖሮ እንግዶቹ አሜባ ጠጡ። 1,400 ያህል ሰው ታመመ፣ 98 ሞቱ። ብዙዎቹ የታመሙት አገራቸው ከገቡ በኋላ ስለሆነ ሆቴሉን የጠረጠረ አልነበረም። ስለዚህ ውሃ ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያውን አትጠጡት። ባልዲ ሙሉ ቅዱና ወለል ወልውሉበት፣ ሽንት ቤት ድፉበት። ከዚያ ጠርቶ ሲወርድ ለመጠጥ ቅዱ፤ የምትጠጡትንም አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር ጨምሩበት።

(እማማ፣ ከፊት ወንበር፦ ልጄ፣ እኔ ጎማዬን ምን ላድርገው? ሌሊት ተነስቼ መቅዳት አልችልም፣ ጉልበቴ እንቢ ብሏል።)

አይነሱ እማማ። ቧንቧዎን ከፍተው ይተኙ። በርሜሉ ከንፈሩ ስንት ይደርሳል?

(እማማ፦ እዚህ ድረስ። ወገባቸውን ያሳያሉ።)

ጎማው ደግሞ ታች ይደርሳል።

(እማማ፦ ታች ይደርሳል፤ እንዳይዘል ብዬ ድንጋይ አስሬበታለሁ።)

ድንጋዩን ይፍቱት። ጎማውን በቢላ ይቁረጡት፤ ጫፉ ከበርሜሉ ከንፈር በላይ ሁለት ጣት ቀርቶት እንዲንጠለጠል አድርገው ከግድግዳው ሚስማር ጋር በገመድ ይሰሩት። የሚዘፈዘፍ ልብስ ካለ በሌላ ሳፋ።

(እማማ፦ ይረጫል እኮ።)

ይረጫል።

(እማማ፦ ጎረቤቶቹ እንቅልፍ ነሳችን ይላሉ።)

እዚሁ ናቸው፣ ሰምተዋል። ሊቀመንበር፣ ወደ ጥበቃው ደመወዝ።